መድረክ ላይ ቪዲዮዬ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። አዳማ ሆኜ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ባለፈው መድረክ ላይ ላለ ኤልኢዲ ስክሪን የሚሆን ባክግራውንድና የሙሽሮቹን ስም ለብቻ ሠርቼ በኤምፒ 4 ሰጠሁ፣ ላፕቶፔ ላይ አሪፍ ነበር፣ እዛ ሲከፈት ግን ይቆራረጣል፣ ሉፕ ሲያደርግ ይንቀራፈፋል፣ ክቡ ቀለበት ሞላላ ሆነ፣ ስሙም በጥቁር ሳጥን ውስጥ መጣ። ኦፕሬተሩ «ፋይልህ ነው» አለኝ። ሌላ ሰርግ ደርሶብኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኦፕሬተሩ እውነቱን ነው፣ ግን ቀድሞ ሊነግርህ የሚገባ ነገር ነበረ። አሁን ሥራ ሳትጀምር ደውልለትና የስክሪኑ ፒክስል ስንት በስንት እንደሆነና በምን ሶፍትዌር እንደሚያጫውት ጠይቀው። «6 በ3 ሜትር ነው» ካለህ አልመለሰልህም። ስክሪኑ የሚገጣጠምበት ፓኔል ፒ 3.9 ከሆነ፣ ማለትም በፒክስሎቹ መሀል 3.9 ሚሊሜትር ካለ፣ ብዙ ጊዜ 50 በ50 ሳንቲሜትር ነው፣ አንዱ 128 በ128 ፒክስል ይይዛል፣ ስለዚህ 12 ወደ ጎን 6 ወደ ላይ ሲደረደር 1536 በ768 ይሆናል። አንተ 1920 በ1080 ሠርተህ እሱ ስክሪኑን እንዲሞላ ሲለጥጠው ነው ቀለበቱ የሰፋው። ኮምፖዚሽንህን፣ የምትሠራበትን ሸራ ማለቴ ነው፣ ከመጀመሪያው በስክሪኑ ልክ ክፈት፣ ቁጥሮቹ ደግሞ ለ4 የሚካፈሉ ይሁኑ፣ ከታች የምነግርህ ኮዴኮች (ቪዲዮ የሚታመቅባቸውና የሚፈታባቸው ዘዴዎች) ምስሉን በ4 በ4 ፒክስል ነው የሚቆራርሱት።

መቆራረጡ ከኤች 264 ነው፣ ኤምፒ 4 ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ኮዴክ ማለት ነው። ይሄ ኮዴክ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፣ በመሀል ያለው «ከበፊቱ ምን ተለወጠ» የሚለው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ኦፕሬተሩ ሶስት አራት ክሊፕ ደርቦ ሲያጫውት ወይ ወደ ኋላ ሲዘል ኮምፒውተሩ ይጨነቃል። ሃፕና ዲኤክስቪ የሚባሉት ኮዴኮች ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚይዙት፣ የሚፈታውም ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሰውየው ሬዞሉም የሚባለውን የማጫወቻ ሶፍትዌር ከሆነ የሚጠቀመው ዲኤክስቪ ስጠው፣ አሌይ የሚባለው የራሳቸው መቀየሪያ በነጻ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ሃፕ ይቀበላሉ። ፋይሉ ሲገዝፍ አትደንግጥ፣ በዚህ ልክ ተራው ሃፕ በ25 ፍሬም ከተሠራ በየሰከንዱ እስከ 15 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ብቻ ከፍላሽ ላይ አያጫውቱት፣ ኤስኤስዲ ላይ ይገልብጡት።

ጥቁር ሳጥኑ የመጣው ደግሞ ኤች 264 በተለምዶ አልፋ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ከኋላው እንደሚያሳይ የሚናገረውን መረጃ፣ ስለማይዝ ነው። ስሙን ከአፍተር ኢፌክትስ በፕሮሬዝ 4444፣ አልፋ በሚይዝ ኮዴክ፣ ከነአልፋው አውጣና ወደ ዲኤክስቪ ወይ ሃፕ አልፋ ስትቀይረው አልፋው መመረጡን እይ።

አንድ ሳትጠይቀኝ የምነግርህ አለኝ፣ እኔ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ስለሆነ። ፊደላችን ትንንሽ ምልክት ላይ ነው የቆመው፣ ቤ እና ቢን የምትለየው እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ናት፣ ቀጭን ፎንት ተጠቅመህ በትንሹ ከጻፍከው ቀለበቷ ትደፈንና ቤቲ ቢቲ ሆና በዘመድ ሁሉ ፊት ትነበባለች፣ ሙሽራዋ ደግሞ ያንን ፎቶ ዕድሜ ልኳን ነው የምታየው። ወፈር ያለ ፎንት ምረጥ፣ ፊደሉ ቁመቱ ቢያንስ 60 ፒክስል ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ 23 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ከተቻለህ በዋዜማው አዳራሹ ሂድና ፋይሉን አስከፍተህ ከመጨረሻው ወንበር ሆነህ ስሟን አንብበው።