የሕግ ጥያቄና መልስ፦ የሽማግሌ ወረቀት፣ በባል ስም ያለ ቤት፣ የልጅ ቀለብ

የዛሬዎቹ መልሶች በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የምትኖሩ አንባቢዎች የክልላችሁን አዋጅ አይታችሁ ተጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍለን «ተፋተናል» የሚል ወረቀት ተፈራርመናል። አሁን ሌላ ትዳር ልመሠርት ስል ማስረጃ ተከለከልኩ። ወረቀቱ ዋጋ የለውም? (ከኮልፌ)

መልስ፦ እንደ ፍቺ ዋጋ የለውም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው (አንቀጽ 117)። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያግባባል፤ ጋብቻ ግን አያፈርስም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ብዙ ሰው እስካሁን የሚያስበው እንደዚያ ነው። በሕግ ዓይን እርስዎ ዛሬም ባለትዳር ነዎት። በዚህ ሁኔታ ሌላ ጋብቻ ቢፈጽሙ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ስለሚሆን በወንጀል ያስጠይቃል።

ሁለታችሁም ከተስማማችሁ መንገዱ አጭር ነው። የፍቺ ስምምነት በጽሑፍ አዘጋጁ፤ በውስጡ የንብረት ክፍፍሉንና ልጅ ካላችሁ የልጁን ጉዳይ አስፍሩ። ከጋብቻ ማስረጃው ጋር አያይዛችሁ እንዲጸድቅላችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ ሁለታችሁንም ያነጋግራል፤ ደግማችሁ እንድታስቡበት እስከ 3 ወር የሚደርስ ጊዜ ሊሰጥም ይችላል። ስለ ንብረት ወይም ስለ ልጅ የተስማማችሁት ልጁን ወይም አንዳችሁን የሚጎዳ ከመሰለው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ያን ክፍል ራሱ ያስተካክላል። ባለቤትዎ አልፈርምም ካሉ ደግሞ ብቻዎን የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ውሳኔው እንደተሰጠ የተረጋገጠ ግልባጭ አውጥተው በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ለሴት ደግሞ እንደገና ለማግባት የ180 ቀን መቆያ አለ። የሚቆጠረው ጋብቻው በፍርድ ቤት ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን የጻፉበት ቀን አይታሰብም። እርጉዝ አለመሆንዎን በሕክምና ማስረጃ ካረጋገጡ፣ ከወለዱ፣ ወይም የሚያገቡት የቀድሞ ባልዎን ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ዱባይ እየሠራሁ በላክሁት ገንዘብ ባለቤቴ ቤት ገዝቶ በስሙ ብቻ አስመዘገበ። አሁን ልፍታሽ ይላል። ካርታው በስሙ ስለሆነ ድርሻ የለሽም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህታችን። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ፣ የትም አገር ይሠራ፣ የጋራ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት ነው። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ ሕጉ ንብረቱን የጋራ አድርጎ ይገምታል (አንቀጽ 63)። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ ነው። ያም ሆኖ የሐዋላ ደረሰኞችዎንና የባንክ መግለጫዎን በሙሉ ይሰብስቡ። የተላከበት ቀን ቤቱ ከተገዛበት ቀን ጋር ሲቀራረብ «በውርስ ገንዘቤ ገዛሁት» ለሚል ክርክር ጠንካራ መልስ ይሆናል።

ብዙ ሴቶች የሚጎዱት ክፍፍሉን ሲጠብቁ ቤቱ በመሸጡ ነው። አቤቱታ ሲያስገቡ ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የእግድ ትእዛዝ አብረው ይጠይቁ፤ የእግዱ ደብዳቤም የይዞታ ማኅደሩ ያለበት መሥሪያ ቤት መድረሱን ያረጋግጡ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ተሽጦ ከተገኘ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚቻለው ባወቁ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ ግን ቢያውቁም ባያውቁም ጊዜው አልፏል። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ጊዜ ሳይታወቅ ያልቃልና ዛሬውኑ እዚህ ላለ ለሚያምኑት ሰው ወይም ለጠበቃ ውክልና ይስጡ።

አንድ ነገር እንጨምር። ባለቤትዎ በውርስ ያገኘው ሌላ ቤት ካለ ቤቱ የግሉ ነው፤ ጋብቻው ጸንቶ ሳለ የተገኘው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሲጠየቅ ግን ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የግድ ለእናት ነው ይባላል። «ሞግዚት» እና «አሳዳሪ» የሚሉትስ? ቀለብ እየከፈልኩ እናትየው ልጄን ካላሳየችኝ መክፈል ላቁም?

መልስ፦ የ5 ዓመቱ ነገር በቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረ ነው፤ በ1992ቱ ሕግ ውስጥ የለም። አሁን ፍርድ ቤት የሚያየው የልጇን ዕድሜና ጥቅም፣ የወላጆችን ገቢ፣ ጤንነትና አኗኗር ነው (አንቀጽ 113)። ዕድሜዋ ይመዘናል፤ ብቻውን ግን አይወስንም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የልጁን ጥቅም አስቀድሞ፣ አባት እያለ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ እስከ መወሰን ደርሷል።

አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት ይጠብቃል። ሞግዚት ደግሞ በንብረቱና በገንዘብ ጥቅሙ ረገድ ልጁን ይወክላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊሆኑም ሊለያዩም ስለሚችሉ በውሳኔው ላይ በግልጽ መጻፋቸውን ይዩ።

ቀለቡን አያቁሙ። ቀለብ የልጅቷ መብት ነው፤ የመጎብኘት መብት ሌላ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ለሌላው መያዣ አይሆንም። ካላሳየችዎ የመጎብኘቱን ውሳኔ ይዘው የአፈጻጸም መዝገብ ይክፈቱ፤ ማለትም ውሳኔው በተግባር እንዲፈጸምልዎ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ውሳኔው «አባት በሚመቸው ጊዜ ይጎብኝ» ብሎ ሲያልፍ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማስፈጸም ያስቸግራል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መረከቢያው ቦታ፣ የበዓላትና የክረምት ዕረፍት ሁሉ ይጻፍ። በቀለቡም በኩል መጠኑ በብር፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የትምህርት ቤት ክፍያውና ሕክምናው በማን እንደሚሸፈን ይለይ። ሁልጊዜም በባንክ ይክፈሉ፤ በእጅ የሰጡትን ማስረዳት ከባድ ነው። ገቢዎ ከቀነሰ ወይም የልጅቷ ወጪ ከጨመረ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ለሁለታችሁም ክፍት ነው።

ይህንኑ ለሚያነቡ እናቶችም፦ ቀለብ ሲቋረጥ «አንድ ቀን በአንድ ላይ እጠይቀዋለሁ» ብላችሁ አትቆዩ። መክፈያው ደርሶ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል። አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ በአፈጻጸም መዝገቡ ላይ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ እየቀነሰ እንዲከፍል ትእዛዝ ጠይቁ።