ትን ያለውና የታነቀው ይለያያሉ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሰው ሥጋ ሲያንቀው ማጅራቱን መትተን ውኃ እናጠጣለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ አይደለም። መጀመሪያ ያናግሩት። ከመለሰልዎ ወይም ካሳለ ትን ብሎት ነው፤ አየር እያለፈ ስለሆነ አይምቱት፣ «በርታ፣ ሳል» እያሉ አጠገቡ ይቁሙ። ድምፁ ከጠፋ፣ ጉሮሮውን ከያዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ታንቋል። ወደ ፊት በደንብ አጎንብሱት፤ በአንድ እጅ ደረቱን ደግፈው፣ በሌላው መዳፍ ሥር በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል 5 ጊዜ በኃይል ይምቱ። ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከተመታ ሥጋው ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እምቢ ካለ ከኋላው ይቁሙ። የጨበጡትን እጅ ከእምብርቱ ከፍ፣ ከፍርምባው ጫፍ ዝቅ አድርገው ያሳርፉ፤ በሌላው እጅ ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ በድንገት ይሳቡ። ሥጋውን የሚያወጣው ሳንባ ውስጥ የቀረው አየር ነው። እስኪወጣ 5 በ5 ያፈራርቁ። ውኃ የተዘጋውን አይከፍትም፤ ወደ ሳንባ ይገባል እንጂ። ሆዱ የተጫነ ሰው ቢድንም ሐኪም ይየው፤ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የ8 ወር ልጅ ቆሎ አፉ ውስጥ ቢከትና ቢታነቅስ?

መልስ፦ ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሆዱ ፈጽሞ አይጫንም፤ ጉበቱ ይጎዳል። በሆዱ ክንድዎ ላይ አስተኙት፤ ራሱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን ሲይዙ ጉሮሮውን አይጫኑ። ጀርባውን 5 ጊዜ ይምቱ። ከዚያ በጀርባው አዙረው፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ የደረት አጥንቱን በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫኑ። ጣት ሰዶ መፈለግ ፍሬውን ይበልጥ ይቀረቅረዋል፤ በዓይን የታየውን ብቻ ያውጡ። ድኖም ቢሆን ሳሉ ካልተወው፣ ሲተነፍስም ካፏጨ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሳንባ የገባ ሽምብራ ወይም ባቄላ በእርጥበት ያብጣል። እባካችሁ፣ ልጅ 4 ዓመት እስኪሞላው ቆሎ አትስጡት። ለዝምታ ተብሎ እጁ ላይ የሚደረግ ጭብጥ ቆሎ በጣም ያሳስበናል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?

መልስ፦ የጀርባው ምት ያው ነው። በሆድ ፈንታ ግን የደረቷን አጥንት መካከል ይሳቡ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ራሱን ቢስትስ? አምቡላንስ ከእኛ ሩቅ ነው።

መልስ፦ አንዱ ወደ ቀይ መስቀል፣ 907፣ ይደውል፤ ሌላው እዚያው መሬት ላይ በጀርባው ያስተኛው። በቃሬዛ ይዞ መሮጥ አይቅደም፤ አንጎል ያለ አየር ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። የደረቱን መካከል በሁለት እጅ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየሰመጠ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ። አፉን ከፍተው ይዩ፤ የሚታይ ነገር ካለ አውጥተው 2 ጊዜ እፍ ይበሉበት። እንደገና 30። ሲደክምዎ ሌላ ሰው ይተካዎት።