ቅባት ያላዳነው የበሬ ዓይን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የበሬዬ ግራ ዓይን ማልቀስ ከጀመረ ሦስት ወር አለፈው። ቴትራሳይክሊን ስቀባው ለሳምንት ይደርቅና ይመለስበታል። እብቅ ገብቶበት ይሆን? ጎረቤቴ ጨው ነስንስበት ይለኛል። (ከቡሬ)

መልስ፦ ጨውን ይተዉት፤ የቆሰለ ዓይን ነው። ተላላፊው የዓይን በሽታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጥጆቹም ባለቀሱ ነበር። እብቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው የዓይን ትል ነው።

ያስጠረጠረኝ «ይደርቅና ይመለስበታል» ያሉት ነገር ነው። ቅባቱ ቁስሉ ላይ የሰፈረውን ባክቴሪያ ይገታል፤ ትሉን አይነካውም። ቴላዚያ የሚባለው ይህ ትል ቆዳው እንደ ሞረድ ሻካራ ስለሆነ በተላወሰ ቁጥር ዓይኑን ይፍቀዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም አንዲትን ላም ሁለት ወር ሙሉ በቅባት አመላልሻታለሁ፤ ቆቡን ገልጬ አላየሁማ!

እርስዎ ገልጠው ይዩ። ሰው አፍንጫውን ጨብጦ አንገቱን ወደ ጎን ያዙርልዎት። እጅዎን ታጥበው፣ በላይኛው ቆብ ላይ አውራ ጣትዎን አሳርፈው ዓይኑን በቀስታ ጫን ሲያደርጉት፣ በአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ አንድ ስስ ሽፋን ብቅ ይላል። ትሉ የሚደበቀው ከዚያ ሥር ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ነጭ የስፌት ክር ይመስላል፤ ክር ግን አይላወስም። እብቅም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሸቀው እዚያው ነው። ምንም ካላዩ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ዓይኑን አጥበው የወረደውን በጥቁር ሳህን ይቀበሉ፤ ነጩ ትል በጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ቀን አጥተውት በማግስቱ ሊያገኙት ይችላሉና ይድገሙት።

ከተገኘ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። አይቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒት (1 በመቶው) ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 6 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የምትታለብ ላም የምትወጋ ከሆነ ግን አስቀድመው ይናገሩ፤ መድኃኒቱ በወተት ይወጣል።

የሌሎቹን ከብቶች ዓይንም ይግለጡ። ትሉን የሚያመላልሰው ዕንባ የሚልሰው ዝንብ ነው፤ የትሉ እጭ በዝንቡ ሆድ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አድጎ ሌላ ዓይን ላይ ይራገፋል። በሬውን ብቻ አክመው ላሟን ቢተዉ ዝንቡ መልሶ ያመጣበታል።

ሽፋኑ ላይ እንደ ጥሬ ሥጋ ያበጠ ነገር ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳምንት ሳያሳድሩ ያሳዩት።