ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ ልጆቼ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለደረሳችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ችከላ የሚመክራችሁ አታጡም፤ እኔ ሌላ ነገር ልንገራችሁ።

ብዙ ጎበዝ ተማሪ ግቢ ውስጥ የሚያውቀው አራት ቦታ ነው፦ ዶርም፣ ካፌ፣ ክላስ፣ ላይብረሪ። ሃንድአውት ይሸመድዳል፣ የአምና ፈተና ይሠራል፣ ጥሩ ውጤት ይዞ ይወጣል። ውጤት ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም መጥቷል፤ 50 ከመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ግን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ፣ ዕውቀት ከየት እንደሚመጣ አንዴም ሳያዩ መውጣት በጣም ያሳዝነኛል።

አራት ኪሎ ግቢ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ለጥናት ተጠብቀው የሚቀመጡበት ቤት አለ። አስፈቅዳችሁ ግቡና እዩት። ካቢኔው ሲከፈት፣ በወፍራም ወረቀት ላይ የተለጠፈ የደረቀ ተክል ታገኛላችሁ፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ አንዳንዴም ሥሩ ሳይቀር። ጥግ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለች። ማን ለቀመው? የት? በስንት ሜትር ከፍታ? መቼ? አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ለቃሚው በዓይኑ ያየውን ቀለም ጭምር ይጽፋል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ 8 ቅጽ ሥራ የተጻፈው እንዲህ ያሉ ወረቀቶች አንድ በአንድ እየታዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 አለቀ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እዚሁ ያስተማሩ ናቸው። ባዮሎጂ የደረሰው ልጅ ይህን ሳያይ ለምን ይመረቃል?

ስድስት ኪሎም እንደዚያው ነው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ሙዚየሙን ጎብኝታችሁ ብቻ አትመለሱ። የድሮ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸውን መመረቂያ ጽሑፎች ጠይቁና አንብቡ። ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ሄደው ሽማግሌ ጠይቀው የጻፉት ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። አንጋፋ የታሪክ ምሁራን እስካሁን በግርጌ ማስታወሻቸው የሚጠቅሱት፣ ያኔ ገና ዲግሪ ያልያዘ ልጅ የጻፈውን ነው። የእናንተም አሳይመንት እዚያ ሊደርስ ይችላል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ግን የትም አይደርስም።

የፈለጋችሁት ዲፓርትመንት ሳይደርሳችሁ ቢቀር፣ ማልቀሱ ያለ ነው፤ አልፈርድባችሁም። ወዲያው ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የዲፓርትመንቱ መምህራን ምን እየመረመሩ እንደሆነ ጠይቁ። ጂኦሎጂ ተመድቦ ያዘነ ልጅ፣ የዓለም ጂኦሎጂስቶች ስምጥ ሸለቆን ለማየት ውቅያኖስ ተሻግረው እንደሚመጡ ላያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲሰነጠቅ፣ ከውጭ ከመጡት ጋር ያጠኑት የራሳችን መምህራን ናቸው።

ዶርምን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከማታውቁት አገር ከመጣ ልጅ ጋር አልጋ ለአልጋ ትሆናላችሁ። ቋንቋውን ጠይቁት፣ ስለ አገሩ ስሙት፣ ሲታመም አስታሙት። ይህን ዕድል በኋላ በገንዘብ አታገኙትም።

መምህር ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ «ውጤቴ ለምን አነሰ?» ለማለት ብቻ አይሁን። አንድ ጽሑፋቸውን አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛው መምህር እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ሥራቸውን በፈታኞች ፊት አቅርበው ዲፌንድ የሚያደርጉበት ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍም አትለፉት። ብዙውን ጊዜ ለሚሰማ ሰው ክፍት ነው። ከኋላ ተቀመጡ። ርዕሱ ባይገባችሁም ፈታኞቹ የሚጠይቁትን ጻፉ፦ ይህን በምን አወቅህ? ናሙናውን ለምን ከዚያ ወሰድሽ? ከዚያ ማታ ዶርም ገብታችሁ፣ በራሳችሁ ሃንድአውት ላይ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ።