ቫሪንት መጻፉ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማንበቡ ላይ ነው

ሰላም ለቤቱ። ከደብረ ሲና የጠየቀው ወንድማችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ በጃቫ የራሱን ፋይል መጭመቂያ እየሠራ ነው፤ ርዝመቶቹን ሁሉ በቫሪንት፣ ማለትም ትንሽ ቁጥር ባነሰ ባይት በሚያልቅበት አጻጻፍ፣ ይጽፋል። ትንንሽ ቁጥሮች በደህና ይነበቡለታል። 2147483648 ግን ኔጌቲቭ ሆኖ ይመለሳል፣ 4294967296 ደግሞ ዜሮ። ኔጌቲቭ ቁጥር ሲሰጠው ፕሮግራሙ ጭራሽ አይቆምም። መጨረሻ ላይም «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ልፋት ያዋጣል ወይ?» ብሏል።

ከላይ የመለሳችሁ «ላይብረሪ ተጠቀም» ብላችሁ አልፋችሁታል። ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ጥያቄውን ግን አይመልስም። እኔ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ወተት ለሚሰበስቡ ማኅበራት የስልክ መመዝገቢያ ስሠራ ከዚህ ነገር ጋር ብዙ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ለማያውቁት መሠረቱን ላስቀምጥ። ቫሪንት ከባይቱ 8 ቢቶች 7ቱን ለቁጥሩ ይጠቀማል፤ 8ኛውን፣ ማለትም የ128ቱን ቢት፣ ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ልቦለድ ግርጌ እንደሚጻፈው «ይቀጥላል» ያደርገዋል። 1 ከሆነ ሌላ ባይት ይከተላል፣ 0 ከሆነ ቁጥሩ አልቋል። 300ን እንውሰድ፦ ለ128 ሲካፈል 2 ደርሶ 44 ይተርፋል። ትራፊው ቀድሞ ይጻፋል፤ ተከታይ ስላለው 128 ይደመርበትና 172 ይሆናል፣ ከዚያ 2። ሲነበብ 44 ሲደመር 2 ጊዜ 128፣ ያው 300። እንደ ፕሮቶኮል በፈርስና ዌብአሴምብሊ ያሉ ፎርማቶች በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። የሙዚቃው ሚዲና ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ግን ትልቁን ክፍል ያስቀድማሉ። ስለዚህ ሌላ ሰው ያወጣውን ፎርማት የምታነብ ከሆነ ይህን ሳታጣራ ኮድ አትጀምር።

ወደ ስህተትህ ልምጣ። ኮድህን አልለጠፍክም፣ ግን የሰጠኸን ሁለት ቁጥሮች ራሳቸው ይናገራሉ። ውጤቱን የምታጠራቅመው ባለ 64 ቢቱ ሎንግ ላይ ነው፤ እሱ ልክ ነው። ከባይቱ 7ቱን ቢት ብቻ ስታስቀር ግን ጃቫ የሚሰጥህ ኢንት ነው፣ ባለ 32 ቢት። 5ኛው ባይት ደግሞ 28 ቦታ ወደ ግራ ይገፋል። 2147483648 ሲጻፍ አራት ጊዜ 128፣ ከዚያ 8 ነው። 8 በ28 ሲገፋ በቀጥታ የምልክቱ ቢት ላይ፣ ማለትም ቁጥሩ ኔጌቲቭ መሆኑን በሚናገረው ቢት ላይ፣ ያርፋል፤ ኔጌቲቭ የሆነብህ ለዚህ ነው። 4294967296 ላይ 5ኛው ባይት 16 ነው፤ እሱ ሲገፋ ከ32ቱ ቢት ውጭ ይወድቅና ዜሮ ይቀራል። 6ኛው ባይት ላይ ይብሳል። ኢንትን በ35 ግፋ ስትለው ጃቫ 35ን ለ32 አካፍሎ በትራፊው በ3 ብቻ ይገፋል። 34359738368ን ጽፈህ ብታነብ 8 ታገኛለህ፤ ሞክረው። መድኃኒቱ ከመግፋትህ በፊት ወደ ሎንግ መቀየር ነው። ከገፋህ በኋላ ብትቀይረው የጠፋው ቢት አይመለስም። በሲ ቋንቋ የምትሠሩ ደግሞ ባሰባችሁ፤ እዚያ ከወርዱ በላይ መግፋት ውጤቱ በቋንቋው ያልተወሰነ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ያሻውን ያደርጋል።

የማይቆመው ሉፕ ከ>> የመጣ ነው። ይህ ምልክት ወደ ቀኝ ሲገፋ ከግራ በኩል የምልክቱን ቢት እየደገመ ይሞላል፤ -1 ስንቴም ቢገፋ -1 ነው። «ዜሮ እስኪሆን» እያልክ ስትጠብቅ ፋይሉ ዲስኩን ይሞላል። >>> ብታደርገው ይቆማል፣ ግን በሎንግ -1 ብቻውን 10 ባይት ይበላብሃል። ኔጌቲቭ የሚመጣብህ ከሆነ ዚግዛግ ተጠቀም፦ 0ን 0፣ -1ን 1፣ 1ን 2፣ -2ን 3 አድርጎ እየጻፈ ይሄዳል። ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ምልክቱ ምንም ቢሆን ባጭር ባይት ያልቃል። ርዝመት ላይ ግን ዚግዛግ አያስፈልግህም። ርዝመት ኔጌቲቭ ከሆነ ከመጻፍህ በፊት ስህተት ብለህ አቁመው።

እስካሁን ያልነው ራስህ የጻፍከውን ራስህ ስታነብ ነው። የእኔ ጠንካራ አስተያየት ማንበቢያው ቀድሞ መጻፍ አለበት የሚል ነው፣ ምክንያቱም መጻፊያው የሚያገኘው ያንተን ቁጥር ሲሆን ማንበቢያው የሚያገኘው ከየትም የመጣ ባይት ነው። ባይቶቹ ሁሉ «ይቀጥላል» ቢሉ መቼ ታቆማለህ? ለ32 ቢት ከ5 ባይት፣ ለ64 ቢት ከ10 ባይት በላይ ማለፍ የለበትም። የመጨረሻው ባይትም የራሱ ጣሪያ አለው፤ 5ኛው ከ15፣ 10ኛው ከ1 ከበለጠ ቁጥሩ አይገባም። ብዙ ኮድ የባይቱን ብዛት ይቆጥርና ይህችን ይዘላል። ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ነገሩን ለማቅለል ቁጥሩን በ63 ቢት ገድቦ 9 ባይት ላይ ያቆማል።

128፣ 0 ተብሎ የተጻፈውም ቢሆን ዜሮ ነው። አንድን ቁጥር በሁለት መንገድ መጻፍ መቻሉ ፋይሎችን በሃሽ፣ ማለትም ከባይቶቻቸው በሚሰላ አሻራ፣ ለሚያወዳድር ሰው ራስ ምታት ነው። ኤክስዜድ በባዶ ባይት የሚያልቅ ረጅም አጻጻፍን አልቀበልም ይላል። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ፓክ ፋይል ውስጥ ባለው የርቀት ቁጥር ላይ የበለጠ ብልሃት አለው፦ ተከታይ ባይት ባለ ቁጥር 1 ይጨምርና መንታውን አጻጻፍ ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ለአንተ የኤክስዜድ መንገድ ይበቃል።

ሌላው፣ ርዝመቱን አንብበህ ወዲያው ያን የሚያህል አሬይ አትፍጠር። 7 ባይት የሆነች ፋይል «የሚከተለው 8 ቴራባይት ነው» ልትልህ ትችላለች። የቀረህን ባይትና ራስህ ያስቀመጥከውን ጣሪያ አስቀድመህ አመሳክር። ይህ የፈሪ ምክር እንዳይመስልህ። ኤልዜድ4 የተባለው መጭመቂያ ርዝመትን በሌላ ዘዴ ነው የሚጽፈው፦ 4 ቢት ውስጥ 15 ከሞላ በኋላ ከ255 ያነሰ ባይት እስኪያገኝ ተከታዮቹን ይደምራል። 280 ማለት 15፣ 255፣ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላው መጭመቂያ በኤልዜድኦና በኤልዜድ4 ላይ ይፋ የሆነው የደኅንነት ቀዳዳ የመጣው ከእንዲህ ያለው ድምር ነው፤ በጣም ረጅም ግብዓት ድምሩን ከ32 ቢት ያሳልፈውና የወሰን ማጣሪያውን ያታልለዋል።

በእኛ ሥራ የበለጠ ያስቸገረን ግን ተንኮል ሳይሆን ኔትወርክ ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ካሉት ጣቢያዎች ዳታው ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። 172 በአንዱ ቁራጭ መጨረሻ፣ 2 በሚቀጥለው መጀመሪያ ይመጣል። «ባይት አለቀ» እና «ቁጥሩ ተበላሽቷል» የተለያዩ መልሶች መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ሲሆን እስካሁን ያጠራቀምከውን ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ሁለተኛው ሲሆን ትጥላለህ። ሁለቱን በአንድ -1 የሚመልስ ማንበቢያ ሰርቨር ላይ ዋጋ የለውም።

ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ቁጥሮችህን አይተህ ፍረድ። አንድ ሰው 3.5 ሊትር ወተት ሲያመጣ እኛ 35 ብለን ስለምንመዘግብ 1 ባይት ነው፤ እዚህ ላይ ቫሪንት ግሩም ነው። የስልክ ቁጥር ግን በ9 ሲጀምርና 9 አሃዝ ሲሆን ከ900 ሚሊዮን ይበልጣል፤ በቫሪንት 5 ባይት ይወስዳል፣ እንዲሁ ቢቀመጥ ግን 4። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጠረው ሰዓትም እንደዚያው 5 ነው። ከ268435455 ያለፈ ሁሉ ቢያንስ 5 ነው የሚሆነው። ለሰዓት መፍትሔው ካለፈው መዝገብ ያለውን ልዩነት ብቻ መጻፍ ነው፤ ወረፋ ላይ በሁለት ሰው መካከል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ባይት አያልፍም። የስልኩ ሰዓት መሀል ላይ ወደ ኋላ ሲስተካከል ልዩነቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ዚግዛግ ቦታው እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በዚፕ ወይም በዚስታንዳርድ ልትጨምቀው ካሰብክ ደግሞ ቫሪንት አንዳንዴ ይጎዳል። ሁሌም 4 ባይት የሆነ ዓምድ ዜሮዎቹና ድግግሞሹ በእኩል ርቀት ስለሚመጡ ጨማቂው በቀላሉ ይይዛቸዋል። ወርዱ የሚለዋወጥ ቁጥር ያን ሥርዓት ያፈርሰዋል። ሁለቱንም በራስህ ዳታ ለካ እንጂ ማንንም አትመን፣ እኔንም ጨምሮ።

አንድ የእኛው ጉድ ልጨምር። ከጽሑፍ በፊት ርዝመት የምትጽፍ ከሆነ በፊደል ሳይሆን በባይት ቁጠር። ዩቲኤፍ-8 ራሱ ወርዱ የሚለዋወጥ አጻጻፍ ነው፤ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ሆኖ 3 ባይት ይይዛል። «ደብረ ብርሃን» ከነክፍት ቦታው 8 ፊደል ነው፣ ባይቱ ግን 22። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ስህተት አያየውም።

ስትሞክር በዘፈቀደ ቁጥር አትድከም፤ ድንበሮቹን ሂድባቸው፦ 0፣ 127፣ 128፣ 16383፣ 16384፣ 268435455፣ 268435456፣ ከዚያ ያንተን ሁለቱን፣ መጨረሻ ላይ የሎንግን ትልቁን። እያንዳንዱን ሙሉውንም፣ የመጨረሻ ባይቱን ቆርጠህም አስነብበው። አሁንም እንቢ ካለህ የማንበቢያውን ሉፕና የፋይሉን የመጀመሪያ 16 ባይቶች በቁጥር ለጥፍልን። የስክሪን ፎቶ አትላክ፤ ከፎቶ ላይ ኮድ ገልብጦ መሞከር አይቻልም።