ጥያቄና መልስ፦ ፊደሉን ይወርደዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም

አንድ አባት፣ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ በነጻ ከኢንተርኔት ይገኝ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይገኛል። የሕንዱ ፕራታም ቡክስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ስቶሪዊቨር፣ የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ብሉም ላይብረሪ የተባሉ ድረ ገጾች አሉ። ቋንቋውን አማርኛ ብለው ይምረጡ። ትርጉሞቹ የብዙ ሰው እጅ ስላለባቸው አንዳንዱ ይጎረብጣል፤ ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት ያንብቡት።

አንዲት እናት ከአዳማ፦ የስድስት ዓመት ልጃቸው ከሀ እስከ ፐ ይወርደዋል። አጭር ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን ዝም ብሎ ያፈጣል። «ሰነፍ ነው ወይስ እኔ አላስጠናሁትም?» ይላሉ።

ሰነፍ የሚለውን ቃል እባክዎ ከቤት ያውጡልኝ። ልጅዎ ዜማውን ይዟል፣ ፊደሉን ገና አልያዘም። «ሜ»ን ለብቻዋ ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩት። በሆዱ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለ ከደረሰባት በመልኳ አያውቃትም። 33 ረድፍ በሰባት 231 ፊደል ነው፤ ይህን ሁሉ መሸምደዱ ጉብዝና ነው፣ ንባብ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ገበታውን ለጊዜው ይተዉት። ላ፣ ማ፣ ም፣ ር ብቻ ቢይዝ ላምንም ማርንም ማንበብ ይችላል፤ ከዚያ አንድ አንድ ይጨምሩለት። ቀጥሎ ፊደሎቹን ጎን ለጎን አድርገው ጠባያቸውን እንዲያስተውል ይተዉት፦ ካዕብ ብዙ ጊዜ በቀኝ ወገቧ ላይ ጭረት አላት (ሉ፣ ሙ፣ ቡ)፣ የሣልስ ጭረት ከእግሯ ሥር ነው (ሊ፣ ሚ፣ ቢ)፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት ታስራለች (ሌ፣ ሜ፣ ቤ)። ሳድስ ሕግ የላትም፤ ደጋግሞ ማየት ብቻ ነው። ልጅ ይህን ራሱ ሲደርስበት የሚሰማውን ደስታ አይንጠቁት፤ ቀድመው አይንገሩት፣ ይፈልገው።

ከዚያ ከስቶሪዊቨር ደረጃ 1 ያለውን አጭር መጽሐፍ ያትሙ፤ ፈቃዱ ማተምን ይፈቅዳል። ጽሑፉን ሸፍነው ሥዕሉን ብቻ ያሳዩት። ታሪኩን እሱ ይንገርዎ፣ እርስዎ እንዳለው አድርገው ይጻፉለት፣ በማግስቱ የራሱን ቃል ያንብብ። «ውሻው ተናደደ» ያለው እሱ ስለሆነ ለማንበብ አይለመንም። አጠገቡም ይቀመጡ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት ይሁን ሲነበብ ከሰማ ሰው ነው የሚማረው። ስልኩን ሰጥቶ ወደ ጓዳ መሄድ ለዚህ አይሆንም።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እናት፦ ሴት ልጃቸው አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቋንቋ ያደናግራታል ብለው አማርኛውን ሊተዉት አስበዋል።

አይተዉት! ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። አማርኛ የሚያስፈልግበት ጨዋታ ይስጧት። «እንቆቅልሽ» ሲሏት «ምን አውቅልሽ» ካላለች ጨዋታው አይጀመርም። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ይበሏት፤ ጤዛ መሆኑን ካላወቀች አገር ትስጥዎ። አዲስ አበባን ወስደው ሲፎክሩባት በምን ቋንቋ እንደምትከራከር ያያሉ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅትም በዩቲዩብ አብረው ይዩ።

ስልክ ላይ አማርኛ መጻፊያ? ጂቦርድ በሚባለው የጉግል መጻፊያ ውስጥ አለ፣ በነጻ።

የመጨረሻው ደብዳቤ የአንድ አባት ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጃቸው ሁለት ቃል አያጣምርም፣ ሲጠሩትም ብዙ ጊዜ አይዞርም፤ ቋንቋ የሚያስተምር ጥሩ ቪዲዮ እንድጠቁማቸው ይፈልጋሉ።

አልጠቁምም። በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱትና መጀመሪያ ጆሮውን ያስመርምሩ። የማይሰማ ልጅ በቪዲዮ አይናገርም፤ የሚሰማ ከሆነም የንግግር ባለሙያ ሊያየው ይገባል። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» የሚሉዎትን ዘመዶች በአክብሮት ያዳምጧቸው፣ ቀጠሮውን ግን አይሰርዙ። የምርመራውን ውጤት ይጻፉልኝ፤ ለእሱ የሚስማማውን ያን ጊዜ አብረን እንፈልጋለን።