ከደቅ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ሰርተፍኬት ከመቁጠርሽ በፊት የኮርሱን ቁጥር ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደቅ ደሴት ላይ ነርስ ነሽ፣ ላይሰንስሽ (የሙያ ፈቃድሽ) ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልቃል። አራት ሰርተፍኬት ይዘሽ ለእድሳት ስትሄጂ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አንዱን ብቻ ተቀብሎ ሦስቱን «እነዚህ ሲኢዩ (ለእድሳት የሚቆጠረው የስልጠና ክሬዲት) የላቸውም» ብሎ መለሰልሽ። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ስልጠና በክፍያ እንደሚሰጥ ሰምተሽ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ግማሽ ቀን ቢያመልጠኝስ?» ብለሻል። እኔ የምሠራው ከስልጠና አዘጋጆቹ ወገን ነው። ምዝገባው፣ የፊርማው ወረቀት፣ ሰርተፍኬቱ በእጄ ነው የሚያልፈው። ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው፣ ምን እንደሆነ ስለምታውቂ እሱን አልደግመውም።

አንደኛ፦ ብር ከመላክሽ በፊት የዕውቅና ቁጥር ጠይቂ። የድርጅቱን ሳይሆን የኮርሱን። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፣ ያንቺም ሦስት ሰርተፍኬቶች የወደቁት በዚሁ ይመስለኛል። ፈቃዱ ሁለት ነው። መጀመሪያ ድርጅቱ ስልጠና ሰጪ ሆኖ ዕውቅና ያገኛል። ከዚያ እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው አክሬዲተሩ (ለኮርሶች ዕውቅና የሚሰጠው አካል) ዘንድ ይቀርባል፤ ሞጁሉ፣ የሰዓት ድልድሉ፣ አሰልጣኞቹ፣ ለየትኛው ሙያ እንደሚሰጥ ይታያል፤ ሲያልፍ ቁጥርና የሲኢዩ መጠን ይሰጠዋል። ዕውቅና ያለው ድርጅት ያልጸደቀ ኮርስ ከመስጠት የሚከለክለው ነገር የለም። አዳራሹ ያው ነው፣ አሰልጣኙ ያው ነው፣ ሰርተፍኬቱም ወርቃማ ጠርዝና ክብ ማኅተም አለው። ክሬዲት ብቻ የለውም። ድርጅቱን «ዕውቅና አላችሁ ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ «አዎ» ይልሻል፣ አልዋሸሽም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

ስለዚህ በስልክ አትጠይቂ፣ በጽሑፍ ጠይቂ። በቴሌግራምም ይሁን በአጭር መልእክት እንዲህ ብለሽ ላኪ፦ «የኮርሱ ሙሉ ስም፣ የዕውቅና ቁጥሩ፣ ዕውቅናውን የሰጠው አክሬዲተር ማን እንደሆነ፣ ስንት ሲኢዩ እንዳለው፣ ለነርስ መፈቀዱን፣ ዕውቅናው የሚያበቃበትን ቀን ላኩልኝ።» ስድስቱም መልስ ደብዳቤው ላይ ስላለ፣ ያለው ሰው የደብዳቤውን ፎቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይልክልሻል። «አይዞሽ፣ ሂደት ላይ ነው» ካሉሽ ቁጥር የለም ማለት ነው። ከስልጠናው በኋላ የሚመጣ ዕውቅና አንቺ የተቀመጥሽበትን ቀን አይሸፍንልሽም ብለሽ ነው መነሳት ያለብሽ። ለየትኛው ሙያ እንደተፈቀደ የምልሽም በከንቱ አይደለም፤ ለሐኪምና ለጤና መኮንን ብቻ የጸደቀ ኮርስ ላይ ነርስ ስትመዘገብ አዘጋጁ ወንበር ስለሞላለት ዝም ይላል፣ ጣጣው እድሳት ላይ ነው የሚወጣው።

የመድኃኒት ወይም የመሣሪያ አስመጪ ምሳ ጋብዞ የሚያደርገው ገለጻም እዚሁ ይገባል። ሂጂ፣ ተማሪ፣ ግን የኮርስ ቁጥር ከሌለው ለእድሳት አትቁጠሪው። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚወሰዱትም እንዲሁ ናቸው። አሜሪካኖቹ ኤኤምኤ ፒአርኤ ካቴጎሪ 1 የሚሉት ክሬዲት የሚሰጠው ለሐኪም ብቻ ነው። ነርስ ያንኑ ኮርስ ጨርሳ፣ ያንኑ ፈተና አልፋ የምታገኘው የተሳትፎ ማረጋገጫ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በቀለምም በቅርጽም ስለሚመሳሰሉ ስንቱ ሰው ለሊት ለሊት ዳታ ጨርሶ ይዞት ይመጣል።

ሁለተኛ፦ ፊርማ። ግማሽ ቀን ቢያመልጠኝ ላልሽው፣ የሦስት ቀን ስልጠና ጠዋትና ከሰዓት ስድስት ፊርማ ነው። ሪፖርቱ ሲላክ አብሮ የሚሄደው ይህ ወረቀት ነው፣ በሰርተፍኬቱና በፊርማው መካከል ልዩነት ከተገኘ የሚያምኑት ፊርማውን ነው። አምስት ፊርማ ያላት ሰው አምስት ስድስተኛ ክሬዲት አታገኝም። ክሬዲቱ ለኮርሱ በሙሉ የተሰጠ ስለሆነ ወይ ሙሉውን ታገኛለች ወይ ምንም። አንዳንድ አዘጋጅ ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ በሚቀጥለው ዙር እንድትጨርሺ ይፈቅዳል፤ ይህን ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂና በጽሑፍ ያዢው። ጓደኛሽ እንድትፈርምልሽ ግን በፍጹም አታድርጊ። ስድስት ፊርማ ጎን ለጎን ሲታይ የሌላ ሰው እጅ ቶሎ ይለያል፣ አንቺን ብቻ ሳይሆን እሷንም ያስሰርዛል። ቅድመ ፈተናውንም አትናቂው። የሚወዳደረው ከድኅረ ፈተናው ጋር ስለሆነ መጀመሪያው ቀን ዘግይታ የገባች ሰው ቅድመ ፈተና የሌላት ሆና ፋይሏ ጎዶሎ ይሆናል።

ለዚህ ነው ከደቅ በዚያው ቀን ጠዋት ለመምጣት አታስቢ የምልሽ። ስልጠና 2፡30 ይጀመራል ከተባለ የፊርማው ወረቀት 2፡15 ላይ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጀልባ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ሐይቁም ጠዋት ዝም ቢልም ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ መመለሻውን ያስቀርብሻል። ከዋዜማው ቀን ጠዋት ተነሺና ከተማ እደሪ። በመጨረሻው ቀን «ጀልባ ያመልጠኛል» ብሎ ከሻይ ሰዓት በኋላ መውጣት የተለመደ ነው፣ ድኅረ ፈተናው ያለው ግን በትክክል እዚያ ሰዓት ላይ ነው። የአራት ሌሊት መኝታና ምግብ ከስልጠናው ክፍያ ጋር ደምሪና ነው ውድ ነው ርካሽ ነው የምትይው።

ሦስተኛ ስም ነው፣ እንዲያውም ከፊርማው በፊት ማምጣት ነበረብኝ። ላይሰንስሽ ላይ ስምሽ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ አውጥተሽ እይ። ወርቅነሽ የምትባል ሰልጣኝ ላይሰንሷ ላይ በኬ ተጽፋ፣ ሰርተፍኬቷ ላይ በኪው ትወጣለች። ምዝገባ ላይ በአማርኛ «ሲ/ር ወርቅነሽ» ብላ እስከ አባት ስም ብቻ ጽፋለች፣ የሚተይበው ልጅ በጆሮው እንደሰማው ይጽፋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው፣ አንዷ ፊደል ከተለየች «ያንቺ አይደለም» የማለት መብት አለው። አንቺ በምዝገባው ቀን የላይሰንስሽን ፎቶ ለአዘጋጁ ላኪ፣ «ስሜ እንደዚህ ይታተም፣ እስከ አያት» በይ። ሰርተፍኬት ሲታደል አዳራሹ ውስጥ እንዳለሽ አንብቢው። እዚያ እያለሽ ማስተካከል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ደቅ ከደረስሽ በኋላ ግን ሌላ ጉዞ ነው።

ቀኑንም አብረሽ እይ። ጥር 2017 ላይ የተሰጠ ስልጠና በፈረንጆቹ ጥርና የካቲት፣ 2025 ነው። ወሩን ተርጉሞ ዓመቱን ሳይቀይር «ጃንዋሪ 2017» ብሎ ያተመ ሰው ስልጠናሽን ስምንት ዓመት ወደኋላ ወሰደብሽ ማለት ነው። የቆየ ተብሎ ከተመለሱት ወረቀቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ሰልጣኙ ምንም አላጠፋም። ሰርተፍኬቱ ላይ መኖር ያለበት የሰጪው ስም፣ የኮርሱ ስምና የዕውቅና ቁጥር፣ የሲኢዩ መጠን በአኃዝ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ፊርማና ማኅተም ነው። ቁጥሩ ከሌለበት ሌላው ሁሉ ቢሟላም አትውሰጂው፣ እንዲያስተካክሉት መልሺላቸው።

ስለ ክፍያው። ለድርጅቱ ሒሳብ እንጂ ለሰው የግል ሒሳብ ወይም የግል ቴሌብር አትላኪ፣ «ቦታ እያለቀ ነው» ቢሉሽም። ደረሰኝ በስምሽ ይሁን። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ስልጠናው ቢራዘም ብሬ ይመለሳል ወይስ ወደሚቀጥለው ዙር ይዛወራል? እኔ ብቀር እስከ ስንት ቀን ቀድሜ ባሳውቅ ነው የሚመለስልኝ? መንገድ ተዘግቶ ወይም ጀልባ ጠፍቶ ብቀርስ? ለአንቺ ዋናው ሦስተኛው ነው። አንዳንዱ አዘጋጅ ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ ሰው መኖሩን አስቦበት አያውቅም፣ ስትጠይቂው ነው ደንብ የሚያወጣልሽ። «ካልተመቸሽ በምትክሽ ሌላ ሰው ላኪ» የሚል መልስም አለ። ለድርጅቱ ይመቸዋል፣ ላንቺ ግን ሲኢዩው ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለከፈለው አይሰጥም።

ተግባራዊ ልምምድ ያለበት ኮርስ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚገባ ጠይቂ። ቢኤልኤስን (መሠረታዊ የሕይወት አድን ስልጠናን) ብንወስድ፣ በአሜሪካ የልብ ማኅበር ሥርዓት አንድ አሰልጣኝ ለ6 ሰልጣኝ፣ አንድ አሻንጉሊት ለ3 ሰልጣኝ ነው። እያንዳንዱ ሰው ተንበርክኮ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት ደረቱን ተጭኖ፣ በየ30ው 2 ትንፋሽ ሰጥቶ መታየት አለበት። 40 ሰው በአንድ አሻንጉሊት ዙሪያ ቆሞ ሲያይ ከዋለ ስልጠና አይደለም። ቢኤልኤስን ስታልፊ የሚሰጥሽ ካርድ ለ2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ካርዱ ሌላ፣ ሲኢዩው ሌላ መሆኑንም አትርሺ። ካርድ አለኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ የኮርሱ ቁጥር እዚህም ይጠየቃል።

ስሌቱ በዓመት 30 ሲኢዩ ነው። ላይሰንስሽ የሚሸፍነውን ዓመት በ30 አባዢና ከተቀበሉልሽ ሰርተፍኬት ላይ ያለውን ቀንሺ፣ የቀረሽ ያ ነው። ባለቤትሽ መምህር ከሆነ «የእኛ 60 ሰዓት ነው» ብሎ ያደናግርሽ ይሆናል። ልክ ነው፣ የመምህራኑ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ነው፣ ከእኛ ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የሚቀርሽን ቁጥር ሳታውቂ ስልጠና አትምረጪ፤ 12 ሲኢዩ የጎደላት ሰው ባለ 18 ሲኢዩውን ኮርስ ከፍላ ትወስዳለች፣ 20 የጎደላት ደግሞ ባለ 15ቱን ወስዳ በሰኔ ሁለተኛ ኮርስ ትፈልጋለች። ሰኔ ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጀቱን ሊዘጋ ስልጠና ስለሚያጎርፍ አዳራሽም ቦታም ይጠባል። ለጎደለሽ ትንሽ ቁጥር የጤና ሚኒስቴርን የኢ-ለርኒንግ ገጽ ሞክሪ። እዚያም ኮርሱ ሲኢዩ እንዳለው ገጹ ላይ ተጽፎ ካላየሽ አትጀምሪ፣ ስትጨርሺ ሰርተፍኬቱን በዚያው ሰዓት አውርደሽ ለራስሽ በኢሜይል ላኪ። ስልክ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፣ ኢሜይል አይወድቅም።

የተመለሱብሽን ሦስቱን ግን እንዲሁ አትጣያቸው። መስኮቱ ላይ በቃል «የለውም» ተብለሽ መመለስሽ በጣም ነው ያበሳጨኝ፤ እኔም አንድ ቢሮ በር ላይ የሰልጣኞችን ዝርዝር ይዤ ሦስት ቀን «ነገ ና» ተብያለሁና አውቀዋለሁ። ሰው በጀልባ መጥቶ በአንድ ቃል አይመለስም። መጀመሪያ ለየስልጠና ሰጪው ከላይ ያሉትን ስድስት ጥያቄዎች ላኪ። ከሦስቱ አንዱ ቁጥር ኖሮት ሰርተፍኬቱ ላይ ሳይታተም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ድርጅቱ የኮርሱን ቁጥር፣ ሲኢዩውን፣ ያንቺን ሙሉ ስምና የላይሰንስ ቁጥር፣ የስልጠናውን ቀን ጠቅሶ በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ የዕውቅና ደብዳቤውንና ያንቺን ፊርማ ያለበትን ገጽ ኮፒ ያያይዝ። ደብዳቤውን በመስኮቱ ሳይሆን በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን በኮፒሽ ላይ አስመቺ። ያኔ የሚመልስልሽ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ይኖርበታል።

የሚቀጥለውን ሳምንት በተመለከተ ዛሬውኑ መልእክቱን ላኪላቸው። እስከ ዓርብ ማታ የደብዳቤው ፎቶ ከመጣልሽና ለነርስ የሚል ከሆነ ክፈዪ፣ እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ውጪ። ካልመጣልሽ ብርሽን ያዢና የሚቀርሽን የሲኢዩ ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሰኔ ሳይገባ የሚበቃሽን ኮርስ አብረን እንፈልጋለን።